«እሱማ መድኃኒት አይደለም፣ የጨጓራ ነው»

(በሰፈራችን የእድር አዳራሽ ስለ ልብና ስለ ጨጓራ መድኃኒቶች የተናገርኩት ነው። በዕለቱ መገኘት ያልቻሉ ጎረቤቶች ስለጠየቁኝ ጻፍኩት። አነጋገሩን ብዙ አልቀየርኩትም።)

እንደምን አረፈዳችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ ወንበር አለ።

መጀመሪያ ይህን ፌስታል ልክፈትላችሁ። የአጎቴ ነው። አስፈቅጄ ነው ያመጣሁት። ጠረጴዛው ላይ ልዘርግፈው።

ይህቺ አስፕሪን ናት። ይህቺ ክሎፒዶግሬል፣ ባለ 75 ሚሊግራም። ይሄ የኮሌስትሮል ነው፣ አቶርቫስታቲን። ይሄኛው ደግሞ የልብ ምት የሚያረጋጋ፣ ሜቶፕሮሎል። አራቱም ስማቸው በደንብ ይነበባል። አሁን ይህን እዩልኝ። ከትልቅ ስትሪፕ ላይ በመቀስ የተቆረጠ ቁራጭ ነው። አራት እንክብል ይዟል። ስሙ የተጻፈበት ጎን ሌላ ሰው ጋ ሄዷል። እዚህ የቀሩት ከጫፍ ያሉ ሦስት ፊደላት ናቸው።

ጋሼ የልብ ቧንቧቸው ተዘግቶ ስቴንት ገብቶላቸዋል። ከሆስፒታል ሲወጡ አራቱ መድኃኒቶች ታዘዙላቸው። አንድ እሁድ ልጠይቃቸው ሄጄ መድኃኒታቸውን አሳዩኝ አልኳቸው። ይህን ቁራጭ አነሳሁና «ጋሼ፣ ይሄስ ምንድን ነው?» አልኳቸው። ሳቅ ብለው «እሱማ መድኃኒት አይደለም ልጄ፣ የጨጓራ ነው» አሉኝ።

ኦሜፕራዞል ነበር። ለዓመታት ወስደውታል። ቃር ሲይዛቸው፣ በርበሬ የበዛበት ወጥ ሲበሉ፣ በባዶ ሆድ ቡና ሲጠጡ አንድ ፍሬ ዋጥ። የልብ ሐኪሙ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠይቋቸዋል። «የለም» ብለዋል። አልዋሹም። እሳቸው ጋ መድኃኒት ማለት በወረቀት የታዘዘ ነው። የጨጓራው እንደ ጨውና እንደ ስኳር ከቤት የማይጠፋ ዕቃ ነው።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ስንት ጊዜ ነው «ኦሜፕራዞል ስጠኝ» ላለኝ ሰው ቆርጬ የሰጠሁት? ሌላ ምን ትወስዳለህ ብዬ ሳልጠይቅ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ። ዛሬ የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው። ይቺ ትንሽ እንክብል ከክሎፒዶግሬል ጋር አንድ ሰው አካል ውስጥ ስትገናኝ ምን እንደሚሆን ልነግራችሁ ነው።

ከደማችን ልጀምር። ሽንኩርት ስትከትፉ ቢላዋው ጣታችሁን ጫር ቢያደርገው ደም ይወጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ይቆማል። ማን አቆመው? ፕሌትሌት የሚባሉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች ናቸው። በአማርኛ የደም አርጊ ሕዋሳት ይሏቸዋል። ቁስል ሲያዩ ይሯሯጣሉ፣ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ባይኖሩ በአንዲት ጭረት ደማችን ባለቀ ነበር።

ችግሩ ፕሌትሌት ጣትን ከልብ ቧንቧ አይለይም። የልብ ቧንቧ ውስጥ ስብ ተጠራቅሞ አንድ ቀን ሲሰነጠቅ፣ እሱም ቁስል መስሎት ይሯሯጣል። ጣት ላይ ያዳነን ነገር እዚያ ቧንቧ ይዘጋል። አንጎል ላይ ሲሆን ስትሮክ ነው፣ ልብ ላይ ሲሆን ድንገተኛ የልብ ሕመም። ስቴንት ደግሞ ከቀጭን ሽቦ የተሠራ ወንፊት መሰል ቱቦ ነው። የተከፈተውን ቧንቧ ደግፎ ይይዛል። ግን ለደማችን እንግዳ ብረት ነው። የቧንቧው ግድግዳ በራሱ ሽፋን እስኪለብሰው ድረስ ፕሌትሌት እላዩ ላይ ሊጣበቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ስቴንት የገባለት ሰው ሁለት መድኃኒት አብሮ ይወስዳል፤ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል፣ ወይም ክሎፒዶግሬልን የሚተካ ሌላ። አስፕሪን አንዱን በር ይዘጋል፣ ክሎፒዶግሬል ሌላውን። የልብ ሕመም ደርሶበት ስቴንት ለገባለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ይታዘዛሉ።

ሰው ሁለቱንም «ደም ማቅጠኛ» ይላቸዋል። ደሙን እንደ ወጥ አያቀጥኑትም። ፕሌትሌቶቹ እንዳይጣበቁ ነው የሚያደርጉት። ስሙ ግን ከሕዝቡ አፍ የገባ ነውና ከእናንተ ጋር አልከራከርም።

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደረስን። ክሎፒዶግሬል ከፋርማሲ ስትገዙት እንደ ጤፍ እህል ነው። ጤፍ ጆንያ ሙሉ ቤታችሁ ቢኖር ሳይፈጭ እንጀራ አይሆንም። ክሎፒዶግሬልም እንዲሁ ሲዋጥ ምንም አይሠራም። ጉበት ውስጥ ገብቶ መፈጨት አለበት። ወፍጮው ሲዋይፒ2ሲ19 የሚባል ኢንዛይም ነው። ስሙ አስቸጋሪ ስለሆነ እኔ ዛሬ «ወፍጮው» እለዋለሁ። ሌሎች ኢንዛይሞችም ያግዙታል፣ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ግን እሱ ነው።

የሚገርመው ደግሞ እህሉ ራሱ ወፍጮ ቤት ሳይደርስ አብዛኛው ይባክናል። ከምትውጡት ክሎፒዶግሬል 85 በመቶ ያህሉ በሌላ መንገድ ተሰባብሮ ከንቱ ይሆናል። ለወፍጮው የሚተርፈው 15 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የሰውዬው ልብ የተንጠለጠለው በዚያች ጥቂት እህል ላይ ነው።

ኦሜፕራዞል የት ይገባል? እዚያው ወፍጮ ቤት። እሱም በዚሁ ኢንዛይም ነው የሚፈጨው። ሲፈጭ ደግሞ ዝም ብሎ ወረፋ አይዝም፤ ድንጋዩን ያበላሻል። ክሎፒዶግሬል ሲመጣ ወፍጮው በግማሽ ጉልበት ይሠራል። ዱቄቱ ያንሳል። ፕሌትሌቶቹ ጋ የሚደርሰው መድኃኒት ያንሳል። ሰውዬው ግን ኪኒኑን በሰዓቱ ውጧል፣ አንድም ቀን አላጓደለም። ምንም አይሰማውም። አያምም፣ አያሳክክም፣ አያዞርም። የዚህ ጉዳይ ክፋቱ ይሄ ነው፤ ምልክት የለውም።

ብዙ ሰው ወዲያው አንድ መላ ይመጣለታል፤ እኔም ትምህርት ቤት ሳለሁ መጥቶልኝ ነበር። «አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ማታ ብወስድስ?» አይሠራም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ12 ሰዓት ልዩነት መውሰድ ችግሩን እንደማያስቀር በግልጽ ጽፏል። ምክንያቱን ነግሬያችኋለሁ፤ የተበላሸ ድንጋይ ወረፋው ስላለፈ አይድንም። አዲስ ድንጋይ እስኪቀረጽ፣ ማለትም ጉበት አዲስ ኢንዛይም እስኪሠራ መጠበቅ ነው። ያ ሳይሆን የነገው ኦሜፕራዞል ይደርሳል።

ኦሜፕራዞልን ግን እንደ ጠላት እንድታዩት አልፈልግም። ስዊድን ውስጥ ነው የተፈለሰፈው። በ1988 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሎሴክ ተብሎ ገበያ ላይ ዋለ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት የጨጓራ ቁስለት ያለበት ስንት ሰው በቀዶ ሕክምና ጨጓራው ይቆረጥ ነበር። ጨጓራችን ግድግዳ ላይ አሲድ የሚረጩ ጥቃቅን ፓምፖች አሉ። ኦሜፕራዞል እነሱን ይቆልፋል። አሲዱ ሲቀንስ ቁስሉ የመዳን ፋታ ያገኛል። በነገራችን ላይ ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ነው የሚወሰደው፤ ፓምፖቹ የሚነሱት ምግብ ሲገባ ነውና። እንደ ጋሼ ቃር ሲይዝ ብቻ አንድ ፍሬ መዋጥ ብዙም ጥቅም የለውም።

ስሙን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አሜሪካ ሲገባም ስሙ ሎሴክ ነበር። ሐኪም በእጁ ሲጽፈው ላሲክስ ከሚባለው የሽንት መድኃኒት ጋር እየተምታታ አስቸገረ። በ1990 ስሙ ፕሪሎሴክ ተባለ። እኛ አገር ላሲክስን የማያውቅ የልብ ሕመምተኛ የለም። ስም ማንበብ መቻል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ እዩ። ከዚያ በመቀስ የተቆረጠውን ስትሪፕ መልሳችሁ እዩት።

ስለ ሁለቱ መድኃኒቶች መጋጨት ምን ማስረጃ አለ? ይህን ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ አንዱ «ይገድላል» ይላል፣ ሌላው «ወሬ ነው» ይላል።

ፈረንሳይ ውስጥ ብሬስት የምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ አለች። እዚያ ያሉ የልብ ሐኪሞች ስቴንት የገባላቸው 124 ሰዎች ወሰዱ። ሁሉም አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ይወስዳሉ። በዕጣ ለግማሾቹ ኦሜፕራዞል ጨመሩ፣ ለግማሾቹ ምንም የሌለበት እንክብል። ከሰባት ቀን በኋላ ደማቸውን መረመሩ። የፕሌትሌት ንቃት የሚለካበት ቁጥር አለ፤ ከፍ ካለ መድኃኒቱ ደክሟል ማለት ነው። ኦሜፕራዞል ያልወሰዱት 39.8 ሆኑ። የወሰዱት 51.4። ይህ በ2008 ታተመ። ላቦራቶሪ ውስጥ ግጭቱ አለ፣ በዚህ ላይ ጭቅጭቅ የለም።

ቀጣዩ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ሰው ይጎዳል ወይ? በ2009 የአሜሪካ የጦር ጉዳተኞችና ጡረተኞች ሆስፒታሎችን መዝገብ ያገላበጡ ተመራማሪዎች 8,205 ሰዎች አገኙ። ከክሎፒዶግሬል ጋር የአሲድ መድኃኒት ከወሰዱት መካከል 29.8 በመቶው ሞተዋል ወይም በልብ ሕመም ተመልሰው ሆስፒታል ገብተዋል። ካልወሰዱት መካከል ይህ የደረሰባቸው 20.8 በመቶ ናቸው። ዓለም ደነገጠ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ኦሜፕራዞልን ከክሎፒዶግሬል ጋር አትስጡ አለ። የአውሮፓው መሥሪያ ቤት መጀመሪያ ኦሜፕራዞልን የመሰሉትን የፕራዞል ዘሮች ሁሉ ጠቅልሎ አስጠነቀቀ፤ በ2010 ግን ማስጠንቀቂያውን ወደ ኦሜፕራዞልና ወደ ቅርብ ዘመዱ ኢሶሜፕራዞል አጠበበው።

መዝገብ ማገላበጥ ግን ጉድለት አለው። የጨጓራ መድኃኒት የሚታዘዘው ለማን ነው? ለሽማግሌው፣ ስኳርና ኩላሊት ላለበት፣ ብዙ ኪኒን ለሚውጠው። ያ ሰው ኦሜፕራዞል ባይወስድም ለሕመም የቀረበ ነው። ስለዚህ በዕጣ የተከፋፈለ ጥናት ያስፈልግ ነበር። ኮጀንት የሚባል ተጀመረ። ክሎፒዶግሬልንና ኦሜፕራዞልን በአንድ እንክብል ያጣመረ መድኃኒት ነበር የሚሞከረው። መሐል ላይ ጥናቱን የሚደግፈው ድርጅት ገንዘብ አጥቶ ያለጊዜው ቆመ። ያም ሆኖ የ3,761 ሰዎች ውጤት በ2010 ታተመ። የልብ ችግር ከኦሜፕራዞል ጋር 4.9 በመቶ፣ ያለ እሱ 5.7 በመቶ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። የአንጀትና የጨጓራ መድማት መሰል ችግር ግን ኦሜፕራዞል ካልወሰዱት 2.9 በመቶው ላይ ደረሰ፤ ከወሰዱት 1.1 በመቶው ላይ ብቻ።

እና ምን እናድርግ? የእኔ አቋም ይሄ ነው። ኮጀንት ያጽናናል፣ ግን ተቋርጦ የቀረ ጥናት ነው፤ የተመረጡትም ሰዎች ልባቸው እጅግ አደገኛ ደረጃ ላይ ያለ አልነበሩም። ላቦራቶሪው ደግሞ ግጭት አለ እያለ ነው። ያለ ብዙ ወጪ ልንሸሸው የምንችለው አደጋ ከሆነ ለምን አንሸሸውም? ወፍጮውን እምብዛም የማይነካ የጨጓራ መድኃኒት አለ። ፓንቶፕራዞል ይባላል። ይኸው ነው። መቀየር ይቻላል።

አደራ የምላችሁም እዚህ ጋ ነው። መቀየር አልኩ እንጂ መጣል አላልኩም። ይህን ንግግር ሰምቶ ቤቱ ገብቶ የጨጓራውን መድኃኒት ቆሻሻ ውስጥ የሚጥል ሰው እንዳይኖር። ከዚያ የባሰው ደግሞ ክሎፒዶግሬሉን የሚያቆም ነው። ክሎፒዶግሬል የነካው ፕሌትሌት ሕይወቱ እስኪያልፍ ድረስ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ እንደታሰረ ይኖራል። ካቆማችሁ በየቀኑ አዳዲስ ያልታሰሩ ይወለዳሉ። ስቴንቱ በድንገት ሊዘጋ ይችላል። ጥርስ ሊነቀል የሄደ ሰው «ደም ማቅጠኛ አቁም» ቢባል እንኳ ለልብ ሐኪሙ ሳይደውል እንዳያቆም።

ጨጓራውስ ለምን ይጠበቃል? አስፕሪን ራሱ የጨጓራን ሽፋን ይልጣል። ክሎፒዶግሬል ደግሞ የተላጠው ቶሎ እንዳይደፈን ያደርጋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ጨጓራ ሊደማ ይችላል። በተለይ ዕድሜያችሁ ከ65 ካለፈ፣ በፊት የጨጓራ ቁስለት ከነበረባችሁ፣ ዋርፋሪን ወይም ስቴሮይድ የምትወስዱ ከሆነ። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያም አደጋውን ይጨምራል፤ እኛ አገር ደግሞ ብዙ ሰው ጨጓራ ውስጥ አለ። ምርመራ አድርጋችሁ ካለባችሁ መታከም ነው። ለእሱ የሚታዘዙት መድኃኒቶች ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ ኦሜፕራዞል አለበት። ሲታዘዝላችሁ «ክሎፒዶግሬል እወስዳለሁ» በሉ።

ጨጓራ ሲደማ ሁልጊዜ ደም አይታይም። ሰገራ እንደ ሬንጅ ጥቁር፣ የሚጣበቅ፣ ሽታው የተለየ ይሆናል። ይህን ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል። የደም ማነስ ኪኒን፣ ያ የአይረኑ፣ እሱም ሰገራ ያጠቁራል፤ ግን እንደ ሬንጅ አያጣብቀውም። ከተጠራጠራችሁ ቤት ሆናችሁ አትመርምሩ፣ ሂዱ።

ስሞቹን በፍጥነት ልበላቸው። ከክሎፒዶግሬል ጋር የሚሸሹት ኦሜፕራዞልና ኢሶሜፕራዞል ናቸው። «ኢሶሜፕራዞል» የሚለውን ስም ቀስ ብላችሁ ብታነቡት ኦሜፕራዞል ውስጡ ተደብቆ ታገኙታላችሁ፤ ዘመዱ ነው። ፓንቶፕራዞል የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ላንሶፕራዞልም ከኦሜፕራዞል ያነሰ ነው የሚነካው። ፋሞቲዲን ከሌላ ቤተሰብ ነው፤ እንደ ፕራዞሎቹ አቅም የለውም፣ ወፍጮውን ግን አያውክም። ሲሜቲዲን የፋሞቲዲን ታላቅ ወንድም ነው፤ እሱ ግን ያውካል፣ ተዉት። ክሎፒዶግሬልን ትቶ ቲካግሬሎር የሚወስድ ሰው ካለ፣ ለእሱ ይህ ጣጣ የለም። ቲካግሬሎር የተፈጨ ዱቄት ሆኖ ነው የሚመጣው። ዋጋው ግን ከክሎፒዶግሬል ይወደዳል።

የእኛ ሰው ወፍጮስ እንዴት ነው? ይህን ሳነብ በጣም ደስ ያለኝ ነገር ስላለ ላካፍላችሁ። ሰው ሁሉ እኩል ወፍጮ ይዞ አልተወለደም። አንዳንዱ በተፈጥሮው ደካማ ነው፣ አንዳንዱ ፈጣን። ስቶክሆልም ያለው ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2006 ወፍጮውን የሚያፈጥን አንድ የዘረመል ዓይነት አገኙ። ከተመራማሪዎቹ አንዷ የእኛዋ ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ ናት። ይህ ዓይነት ስዊድናውያንም ኢትዮጵያውያንም ዘንድ 18 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ቻይናውያን ዘንድ 4 በመቶ ብቻ። ከዚያ ቀደም ሲል በኢትዮጵያውያን ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ወፍጯቸው የማይሠራ ከመቶ አምስት ያህል እንደሆኑ ታይቷል።

ይህ ምን ማለት ነው? ፈጣን ወፍጮ ያለው ሰው ክሎፒዶግሬልን ቶሎ ይፈጫል፤ መድኃኒቱ ሊበረታበትና ሊደማ ይችላል። ያው ሰው ኦሜፕራዞልንም ቶሎ ፈጭቶ ይጨርሳል። «ኦሜፕራዞል አልያዘልኝም» የሚለኝ ደንበኛ ሲመጣ አሁን ከበፊቱ በተሻለ አምነዋለሁ። ወፍጯቸው የማይሠራው አምስቱ ግን ኦሜፕራዞል ባይወስዱም ክሎፒዶግሬል በደንብ አይሠራላቸውም። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት በ2010 ማሸጊያው ላይ ጥቁር ሳጥን ያለው ማስጠንቀቂያ ያስጻፈው ስለ እነሱ ነው። ማናችሁ ፈጣን ማናችሁ ደካማ እንደሆናችሁ ፊታችሁን አይቼ አላውቅም። ስለዚህ በእጃችን ያለውን ነገር እናስተካክል፤ ያለችውን ወፍጮ አናበላሽባት።

አሜሪካ ልጆች ያሏችሁ ብዙ ናችሁ፣ አውቃለሁ። እዚያ ፕሪሎሴክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥ የጀመረው በ2003 ነው። ኔክሲየም፣ ያቺ ወይን ጠጅ እንክብል፣ በ2014። ልጅ እናቱን ሲወድ ሻንጣ ውስጥ ሁለት ብልቃጥ ይከታል። «እማዬ፣ ለጨጓራሽ ምርጥ ነው።» ኔክሲየም ኢሶሜፕራዞል ነው። እናትየው እዚህ ስትሮክ ይዟት ክሎፒዶግሬል ላይ ናት። ልጁ አያውቅም፣ እሷም አትነግረውም፣ ሐኪሟም ሻንጣውን አላየውም። ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁ ደውላችሁ የልብ ወይም የስትሮክ መድኃኒት እንደምትወስዱ በስሙ ንገሯቸው። እነሱም ሲልኩ ይጠይቁ።

የእኛን ኑሮ በተመለከተም ሁለት ሦስት ነገር ልበል። ጾም ሲገባ ኪኒኑን የሚያቆም አለ፤ ሁሉንም ወደ ማታ የሚጠቀልል አለ። ክሎፒዶግሬል በቀን አንድ ጊዜ ነው፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። የሚጾም ሰው ማታ፣ በረመዳንም ከኢፍጣር ጋር ቢያደርገው ይችላል፤ ዋናው በየቀኑ በአንድ ሰዓት መሆኑ ነው። ጠበል የምትሄዱ ደግሞ ኪኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሦስት ሳምንት ጠበል ቦታ ሰንብቶ ክሎፒዶግሬሉን ቤት ትቶ የሄደ ሰው አውቃለሁ፤ ሐኪም ቤት የተመለሰው በሰው ተደግፎ ነው። የንስሐ አባታችሁን ጠይቋቸው፣ መድኃኒት መውሰድን አይከለክሏችሁም።

ወገብና ጉልበት ለሚያማችሁ፦ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከአስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ጋር ጨጓራን ያደማሉ። አይቡፕሮፌን በተጨማሪ የአስፕሪንን መቀመጫ ቀድሞ ይይዝበታል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይቀድማል። እሱ ካልያዘላችሁ ጠይቁ እንጂ ራሳችሁ አትምረጡ።

እዚህ የመጣችሁ ሁለት ባልደረቦቼን አይቻለሁና ለእናንተም ልናገር። ስትሪፕ ስንቆርጥ ስሙና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ ያለበት ጎን የትኛው ሰው ጋ እንደሚቀር እንይ። ካልሆነም ፖስታ ላይ ጽፈን እንስጥ። አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ «የልብ ወይም የስትሮክ መድኃኒት ይወስዳሉ?» አምስት ሴኮንድ አይፈጅም። ኦሜፕራዞል ለሚገዛ ለእያንዳንዱ ሰው። ወረፋው ረጅም ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔም ያንኑ ወረፋ ነው የማስተናግደው።

ጋሼን ምን አደረግናቸው? ያን ዕለት እሁድ ስለነበር በማግስቱ አብረን ሐኪማቸው ጋ ሄድን። ቁራጩን ስትሪፕ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሐኪሙ አንስቶ አየውና «ይህን ለምን አልነገሩኝም?» አላቸው። ጋሼ መሬት መሬት እያዩ «የጠየቅከኝ ስለ መድኃኒት ነዋ» አሉት። ዕድሜያቸው ከ65 ስላለፈ ጨጓራቸው ያለ ጥበቃ አይቀርም አለና ፓንቶፕራዞል ጻፈላቸው። የኤች ፓይሎሪ ምርመራም አዘዘ፤ ተገኘባቸው፣ ታከሙ። ክሎፒዶግሬላቸውን እስካሁን በየቀኑ ይወስዳሉ። አዲሱን ስትሪፕ ሲገዙ «እንዳትቆርጠው፣ ሙሉውን ስጠኝ» ይላሉ አሉ።

በሉ፣ እንደተነጋገርነው ፌስታላችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እጃችሁን አውጡ። በቀኝ በኩል ሦስት ጠረጴዛ አለ። ሁለቱ ባልደረቦቼም ያግዙኛል። እናንተ ዘርግፉት፣ እኛ ስሙን እያነበብን ወረቀት ላይ እንጽፍላችኋለን። የጨጓራውንም እንዳትደብቁን። እማማ፣ እርስዎ ቅድም ስለ ሽሮፑ ሊጠይቁኝ ነበር፤ ከእርስዎ እንጀምር።